አውራሪስ ነኝ፣ ሣር እበላለሁ

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል እንጂ ሌላው አካሌ ከኔ ጋር በሰላም ነው የሚኖረው። አባትሽም ደህና ነው። ይሄን ስጽፍልሽ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጦ ሬዲዮ እየጠገነ ነው፤ እየጠገነ ማለቴ ደህናውን ሬዲዮ እየፈታታ ነው። ባልሽን ግን በዚህ ደብዳቤ ሰላም አላልኩትም። ረስቼው አይደለም፣ ምክንያት አለኝ። እስክደርስበት ታገሺኝ። ደግሞ ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታነቢ! አውቅሻለሁ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሾርባ ሲቀርብልሽ ሥጋውን ለቅመሽ የምትነሺ ነሽ።

በስልክ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት ትይኝ ይሆናል። በስልክማ ነገሩ ጠንከር ሲልብሽ «እማዬ፣ መስመሩ ይቆራረጣል» ትያለሽ። ወረቀት አይቆራረጥም።

መጀመሪያ ወሬውን ልንገርሽ። እናትሽ ትምህርት ቤት ገብታለች። እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው። በይ፣ ሳቂና ጨርሺ፣ እጠብቅሻለሁ።

ጨረስሽ? እሺ።

ይሄን ሁሉ ጣጣ ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። ባለፈው ክረምት የሚጢጢ የልደቷ ቀን ስንደዋወል ትዝ ይልሻል? እኔ እዚህ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ «የኔ እመቤት፣ እደጊልኝ፣ ተመንደጊልኝ፣ ክፉ አይንካሽ፣ የፎቶሽን አቧራ እየጠረግኩ ስስምሽ ነው የምውለው፣ የወለቀው ጥርስሽ በቀለ ወይ?» ብዬ ትንፋሼ እስኪያልቅ ስናገር፣ አንቺ ወደ ልጅሽ ዞረሽ ሁለት ቃል አልሻት። ሁለት! እሷም «ኦኬ» ብላ ሮጠች። ኧረ ያን ሁሉ ምርቃት የት አደረግሽው? እንዲህ ቆጥቦ የሚያስተረጉም ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ከዚያ ደግሞ ዘንድሮስ ትመጣላችሁ ወይ ስልሽ፣ «እማዬ፣ መጥታስ ከማን ጋር ታወራለች? አትግባቡ!» አልሽኝ። ክፉ አስበሽ እንዳልተናገርሽው አውቃለሁ። ግን ቃልሽ እንደ መርፌ ስባሪ ጣቴ ውስጥ ቀረ። አንድ የልጅ ልጅ አለችኝ፤ እሷም ድምፄን እንደ ጎረቤት ሬዲዮ እየሰማች ልታድግ ነው አልኩ። እምቢ አልኩ። በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ።

የምንማረው ከቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ፣ ለሕፃናት በተሠራ ወንበር ነው። መቀመጡን እቀመጣለሁ፤ ስነሳ ግን ወንበሩ አብሮኝ ይነሳል። መምህራችን አንቺን የምታክል ልጅ ናት፤ ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላት። ግድግዳው ላይ የዱር አራዊት ሥዕል ያለበት ትልቅ ወረቀት ሰቅላለች። የመጀመሪያው ቀን ገብተን ስማችንን ልንነግራት ስንል እጇን አነሳች።

«ሰው ስለ ራሱ በባዕድ ቋንቋ ሲያወራ ያፍራል» አለችን። «ተሳስቼ ሰው ይስቅብኛል ይላል። ስለ አውሬ ለማውራት ግን ማንም አያፍርም። ስለዚህ እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ራሱን አይደለም። ሁላችሁም አውሬ ናችሁ።»

«ይሄንንማ ሚስቴም ትለኛለች» አለ ከኋላ ባለ ሥጋ ቤቱ። ያው የመንገዱ ጥግ ላይ ያለው፣ አጥንት ሲጨምርብሽ ዓይኑን የማያሽ ሰውዬ። እሱም ሊማር መጥቶ ነዋ!

ከዚያ አውሬ ታደለን። ለፀጉር ሠሪዋ አዞ ደረሳት። ለባለ ሥጋ ቤቱ ጥንቸል። እኔ ከገባሁ ጀምሮ ዓይኔን ቀጭኔዋ ላይ ጥዬ ነበር፤ አንገቷ፣ ሽፋሽፍቷ፣ አረማመዷ ሲያምር! ቲቸር ወደኔ መጣችና «እማማ፣ እርስዎ አውራሪስ» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቁን ዋጠ። ዋጠ ስልሽ፣ ባለ ሥጋ ቤቱስ አልዋጠም።

«ልጄ፣ በምኔ አይተሽ ነው?» አልኳት። «በወገቤ ነው በመነጽሬ?»

«ኧረ በምንም አይደለም እማማ! እርስዎ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የሚሰፉት። አውራሪስ ይሮጣል። ከኑሯችሁ የራቀ አውሬ ነው የምሰጣችሁ፣ አዲስ ቃል እንድታወጡ።»

አኩርፌ ቤት ገባሁ። አባትሽ ምን ሆንሽ ሲለኝ ነገርኩት። ሶፋው ላይ ተንጋሎ እስኪያስለው ሳቀና፣ ዓይኑን እየጠረገ «ይቺ ልጅ ዓይን አላት» አለ። ምሳውን ለራሱ እንዲያሞቅ አደረግኩት።

ደግሞ ስለ አውራሪስ ስትነግረን አልወደድኩትም። ዓይኑ ደካማ ነው አለች፤ አጠገቡ የቆመውን አያይም። ጆሮው ግን ጉድ ነው፣ የሩቁን ይሰማል። ከተነሳ ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ መዞር አያውቅም። ለባሌ እንዳትነግሪ ብዬ ልለምናት ነበር፤ እንደማይተዋወቁ ትዝ አለኝና ተውኩት።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዳችን ተነስተን አውሬያችንን ሆነን ዛሬን፣ ትናንትን፣ ነገን እንናገራለን። «ኤቭሪ ደይ አይ ኢት ግራስ። የስተርደይ አይ ኤት ግራስ። ቱሞሮው አይ ዊል ኢት ግራስ።» አይገርምሽም? ትናንትም ሣር፣ ዛሬም ሣር፣ ነገም ሣር። የአውራሪስ ኑሮ ከኔ ኑሮ የሚለየው ክርና መርፌ ስለሌለው ብቻ ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጠያየቃለን፤ ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል። ምን ትበያለሽ? የት ትኖሪያለሽ? ከማን ጋር ትኖሪያለሽ? ቲቸር ከዚህ መስመር መውጣት አትፈቅድም። ያን ምስኪን ባለ ሥጋ ቤት ብታዪው! ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ክንዱ የኔን ጭን የሚያክል፣ አንገቱን ደፍቶ «አይ ኢት ካሮት» ሲል ላቡ ጠብ ይላል።

ቤት ደግሞ ማሽኑ ላይ ሆኜ አጠናለሁ። ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር አንድ ቃል። ኢት፣ ኤት፣ ኢትን። ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ጥሩ እየሄደልኝ ነው ብዬ ቀና ስል የአንድ ተማሪ ዩኒፎርም ሱሪ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፍቼዋለሁ። እናትየው ልትወስድ መጣችና ዘርግታ አየችው።

«እንዴ እማማ፣ ልጄ በዚህ እንዴት ነው የሚሄደው?»

«ሂ ዊል ጃምፕ» አልኳት። ይዘላላ! አፌ ቀደመኝ እንጂ ልቀልድ አስቤ አልነበረም። በማግስቱ እሷም መጥታ ተመዘገበች፤ አሁን ካንጋሩ ናት።

አባትሽን እንማር፣ አብረኸኝ ና ብለው፣ «ያን ሁሉ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ አንድም መንገድ ላይ እንግሊዝኛ አልጎደለኝም» ብሎ ዘጋው። የሚጠይቀኝ ሰው ስፈልግ ግን አልለቀቅኩትም። ከሰዓት በኋላ ሲሆን እሱው ራሱ በረጅሙ ተንፍሶ «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልሁን?» ይለኛል። የሚተኛ አውሬ ካልሆነ አይስማማም። ዘንዶ አንዴ ከበላ ብዙ ቀን ተጋድሞ እንደሚቆይ የነገርኩት ቀን፣ «ይሄንን ቀድመሽ አትነግሪኝም?» ብሎ ተቆጣኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ዘንዶ ነው። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ዘንዶ አያወራም ይላል።

ባለ ሥጋ ቤቱ ደግሞ አንድ ቀን ሰው ፊት ጉድ ሠራኝ። ሱቁ ጢም ብሏል፣ እኔ ወረፋ ይዣለሁ። ሰውዬው ቢላዋውን ከፍ አድርጎ «ራይኖ!» ብሎ ጮኸ። «ዋት ዲድ ዩ ኢት የስተርደይ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። መልስ ካልሰጠሁ ቲቸርን ማሳፈር ነው። «አይ ኤት ግራስ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ኤንድ ዩ፣ ራቢት?»

«አይ ኤት ካሮት! አይ ዶንት ኢት ሚት!»

ከኋላዬ የቆመች ሴትዮ ለጓደኛዋ «እሱ ራሱ ሥጋ አልበላም ካለማ አንድ የሚያውቀው ነገር አለ» አለቻትና ሁለቱም ወረፋውን ጥለው ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን ሲያይ አንገቱን ብቻ ነው የሚነቀንቅልኝ።

ቆይ፣ የአራዊት ማቆያውን ሳልነግርሽ አላልፍም። ቲቸር አሁን የሚሆነውን ነገር እያያችሁ ተናገሩ ብላ ወሰደችን። ትኩሱ ፀሐይ አናት ላይ ቆሟል። አንበሳው ጋ ደረስን፤ ተኝቷል። «ዘ ላየን ኢዝ ስሊፒንግ» አልን በአንድ ድምፅ። ነብሩ ጋ ሄድን፤ እሱም ስሊፒንግ። ጅቡ ስሊፒንግ። አዞው ሞቶ ይሁን ተኝቶ ራሷ የክፍላችን አዞ ፀጉር ሠሪዋ እንኳን መለየት አልቻለችም። ቲቸርን ላብ አጠመቃት። «እባካችሁ፣ የነቃ ነገር ፈልጉ!» አለች። አንበሳው ምን ሠርቶ ነው እንዲህ የሚደክመው ብዬ ብጠይቃት፣ ምንም፣ አዳኟ እኮ ሴቷ ናት፣ እሱ የተገኘውን ይበላል አለችኝ። ይሄን ለአባትሽ ነግሬው አንድ ቀን ሙሉ ኩራት ኩራት ሲለው ዋለ።

ዝንጀሮዎቹ ጋ ስንደርስ ግን አምላክ ሰማን። ባለ ሥጋ ቤቱ አዲስ ባርኔጣ አድርጎ መጥቷል። አጥሩን ተደግፎ «ዘ መንኪ ኢዝ…» ብሎ፣ ስሊፒንግ ሊል ነው ስንል፣ አንዱ ዝንጀሮ እጁን በሽቦው አሾልኮ ባርኔጣውን ላፍ!

«ዘ መንኪ ኢዝ ቴኪንግ!» ብለን ጮህን።

«ዘ መንኪ ቱክ!» አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ ባርኔጣው ሄዷላ።

«አይ ዊል ኪል ዘ መንኪ!» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ አጥሩን እየነቀነቀ።

ቲቸር እንባዋ መጣ። «ቬሪ ጉድ ራቢት! ፊውቸር! በትክክል!» ብላ አጨበጨበችለት። ስንወጣ ዝንጀሮው ባርኔጣውን አድርጎ ተቀምጦ ነበር፤ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከሰውዬው ይልቅ ለሱ ያምርበታል።

አውራሪሷንም አየኋት። ጭቃ ውስጥ ቆማለች፣ ዓይኗ አዝራር ያክላል። እዚያ ግን አልሳቅኩም። ጠባቂው እንደነገረን በረቱ እየታደሰ ስለሆነ ልጇን ለጊዜው ከወዲያኛው አጥር አድርገዋታል። አታያትም። ትንሿ በጮኸች ቁጥር ግን የዚያች ግዙፍ ፍጡር ጆሮዋ ወደዚያ ይዞራል። ሌላው ሰው ባርኔጣ ሊያስመልስ ሲሯሯጥ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውራሪስ በመሆኔ አላፍርም።

እንግዲህ አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። የኔ ዓለም፣ እስኪ ቁጭ በይና አንብቢው።

ያለፈው ቅዳሜ ደወልኩልሽ። «ሄሎ?» አለች ሚጢጢ። አንቺ የለሽም፣ እሷ ብቻዋን! «ማሚ ኢዝ ኢን ዘ ሻወር» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። ያን ሁሉ ጊዜ የለፋሁበት ቀን ደረሰ፤ እንግሊዝኛው ግን ከራሴ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። ጤና ይስጥልኝ እንኳን ማለት አቃተኝ። አፌን ከፈትኩና የወጣው ምን መሰለሽ?

«አይ አም ኤ ራይኖ!»

በቃ፣ እብድ መስያት ስልኩን ዘጋችው አልኩ። ከዚያ ቀስ ብላ «ኤ ቢግ ራይኖ?» አለችኝ።

«ቬሪ ቢግ!»

ሳቀች። ልጄ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? በአንቺ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ለኔ የደረሰኝ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። አባትሽ ምን ሆንሽ ብሎ ከውጭ ሮጦ እስኪገባ ድረስ እኔም ሳቅኩ። እሷ ደግሞ ቀጥላ «ዋት ዱ ዩ ኢት?» አትለኝም! ያንኑ የክፍላችንን ጥያቄ! ዜና እንደሚያነብ ሰው ድምፄን ጠርጌ «አይ ኢት ግራስ» አልኩ። እሷ ፔንግዊን ነኝ አለችኝ። ፔንግዊን ግድግዳችን ላይ የለም፤ ቢሆንም የማላውቀውን የሩቅ ዘመድ እንደማስተናግድ «ቬሪ ናይስ» አልኳት። በኋላ ቲቸር ሥዕሉን አሳየችኝ፤ አባትሽ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ ሲራመድ ማለት ነው።

ከዚያ እኔ የማውቀው መንገድ አንድ ስለሆነ በዚያው ቀጠልኩ። የት ትኖሪያለሽ አልኳት፤ ቤት ውስጥ፣ ፎቅ ላይ አለች። ከማን ጋር ትኖሪያለሽ አልኳት። ተራው ጥያቄ ስለሆነ እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አልነበረም፤ እግዜር ምስክሬ ነው።

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከጉጉት ጋር አለችኝ። ማሚ ጉጉት ናት፣ አትተኛም። ጉጉት ለእናት ይባላል እንዴ ብዬ ልቆጣ ስል ቃሉ አልመጣልኝም፤ እንኳንም አልመጣልኝ። «ኤንድ ዳዲ?» አልኳት።

«ዳዲ ኢዝ ዘ ላየን። ዘ ላየን ሊቭስ ኢን አናዘር ሀውስ።»

አንበሳው ሌላ ቤት ነው የሚኖረው። እሑድ እሑድ ይመጣል። በደንብ አልሰማሁ ይሆናል ብዬ፣ ቲቸር እንዳስተማረችን በዝግታ ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለሽ?

«ማሚ ሴድ ዶንት ቴል ግራንማ። በት ዩ አር ኤ ራይኖ።»

አያትሽ እንዳትሰማ ብላኛለች፣ አንቺ ግን አውራሪስ ነሽ።

እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። እነዚያን ቃላት ራሴ ውስጥ አልገባ ብለው ስንቴ ረግሜያቸዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ምነው ባልገቡልኝ አልኩ። ከዚያ አንቺ ስልኩን ተቀበልሻት። «እማዬ! በእንግሊዝኛ ስታወሩ ነው የሰማሁት?» ብለሽ ሳቅሽ። ባልሽ ደህና ነው ወይ አልኩሽ። «ሥራ ላይ ነው፣ ሰላም ብሎሻል» አልሽኝ። ሰላም በይልኝ አልኩሽ። ሁለታችንም አንዳንድ ውሸት ተለዋውጠን ዘጋን።

በመጀመሪያ ልጅቷን እንዳትቆጪያት! ቃሏን ጠብቃለች። ለአያቷ አልነገረችም፤ የነገረችው ለአውራሪስ ነው።

ለምን ደበቅሽኝ ብዬ አልወቅስሽም። አውቀዋለሁ። በሠርግሽ ቀን ሰፈሩ እስኪሰለቸው አማቼ፣ አማቼ ስል የዋልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ለደንበኞቼ ፎቶውን የማሳየው እኔ ነኝ። እንዲህ የምትኩራራ እናት ፊት ምን ብለሽ ትናገሪ? የከፋኝ ሌላ ነው። ስቀሽ እያዋራሽኝ ብቻሽን ማደርሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ መክረምሽ፣ እኔ እዚህ ስለ ሱሪ እያወራሁ አንቺ እዚያ መቃጠልሽ ነው አንጀቴን የበላው። ስለ አንበሳውም ክፉ ቃል አይወጣኝም፤ የልጅሽ አባት ነው፣ የሆነውንም አላውቅም። እኔ ያየሁት አንበሳ ግን ሲተኛ ነው የዋለው። አዳኟ ሴቷ ናት፣ ቲቸር ነግራናለች።

በይ አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ቲቸር ያለችው እውነት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ ለማውራት ያፍራል። ስለዚህ አንቺም ስለ ራስሽ አትጻፊልኝ። አውሬ ምረጪ። ጉጉትም ብትሆኚ ግድ የለኝም፣ ቀጭኔም ውሰጂ፣ ለኔ ባይሆን ላንቺ ይሁን። ከዚያ ያ አውሬ ትናንት ምን እንደሆነ፣ ዛሬ ምን እንደሚያደርግ፣ ነገ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ጻፊልኝ። ማንም አይስቅብሽም። እኔ አጠገቤ ያለውን አላይም፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ አላየሁም፤ የሩቁን ግን እሰማለሁ።

ለአባትሽ ነግሬዋለሁ። ተቆጪኝ ከፈለግሽ፤ አንድ ቤት እየኖርን ልደብቀው አልቻልኩም። ዛሬ ጠዋት ነገርኩት። ተነሳና ወደ ጓዳው ክፍል ገባ። ያ አልጋሽ የዩኒፎርም ጨርቅ ተከምሮበት ነበር፤ ጣቃውን አንድ በአንድ አውጥቶ ኮሪደር ላይ ደረደረው። ከዚያ የመፍቻ ድምፅ ሰማሁ። እያማረርክ የምትተኛበትን ሶፋ ሳትጠግን የልጅ አልጋ ብሎን ታጠብቃለህ ልለው ስሄድ፣ መፍቻውን እንደያዘ በሩ ላይ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሴትዮ» አለኝ፣ «‹ኑ› በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

«ከም» አልኩት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።» ደግሞ የቲቸር ነገር ለምዶብኝ፣ «ያለፈውንም ልንገርህ…» ስል አቋረጠኝ።

«ያለፈውን ተይው። ይሄ ይበቃኛል።»

ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲህ ብሎኑን ባዞረ ቁጥር «ከም» ይላል። አሁንም ሬዲዮኑን እየፈታታ ያንኑ እያለ ነው። ዘንዶው አፉን ከፈተልሽ ልጄ።

ለጥቂት ቀንም ቢሆን ለመኖርም ቢሆን እናንተ ታውቃላችሁ፤ አልጋው ተሠርቷል። መንገድሽን ያቅናልሽ። የተኛሽበት ቦታ ሁሉ እንቅልፍ ይስጥሽ። ልጅሽን እንደ ልብሽ ያድርግልሽ፣ ለኔም የዚያችን ልጅ ሳቅ በዚህ ግድግዳ ውስጥ ያሰማኝ። በሁለቱም ጉንጮችሽ ሳምኩሽ፤ እሷን ደግሞ በወለቀው ጥርሷ በኩል።

እናትሽ፣
አውራሪሷ

ይድረስ ለሚጢጢ፦ ፔንግዊን የሚበላው ዓሣ ነው ብለውኛል። ባለ ሥጋ ቤቱን ጠይቄዋለሁ፤ ጥንቸልም ብሆን አመጣልሻለሁ ብሏል።